ሣሩ የማን ነው? ቀይ ቀበሮ፣ የባሌ ግጦሽና የከተማ ወሬ



ስለ ቀይ ቀበሮ ወሬ በተነሳ ቁጥር ከከተማው ወጣት ሁለት ዓይነት መልስ እንሰማለን። አንደኛው «ሰው በኑሮ ውድነት እየተቃጠለ ስለ ቀበሮ ታወሩልናላችሁ እንዴ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ያጠፋው ከብት አርቢው ነው፤ ከተራራው አስወጥቶ መገላገል ነው» የሚል ነው። አንዱ ለሰው ያዘነ ይመስላል፤ ሌላው ለእንስሳው ያዘነ ይመስላል። እኛ ግን ሁለቱም ተራራውን ካለማወቅ የመጡ ናቸው፣ ሁለቱም በመጨረሻ የሚጎዱት ያንኑ ድሃ ነው እንላለን። ለምን እንደዚያ እንደምንል አንድ በአንድ እናስረዳለን። ጽሑፉ ረዘም ይላልና ታገሱን።

መጀመሪያ ስለ ማን እንደምናወራ እንወቅ

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለም። ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ ዘሩ ከተኩላ ወገን ነው። የሚኖረው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ውርጫማ ደጋ ላይ ብቻ ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉት አዋቂዎች ከ500 በታች ናቸው። ይህ ቁጥር በአንድ መካከለኛ መስጂድ ለጁሙዓ ከሚሰበሰበው ሰው ያንሳል። ከእነሱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው። የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ከፍታዎች ላይ ጥቂት ጥቂት ሆነው ተበታትነዋል። ጮቄ ተራራ ላይ ድሮ ነበር፤ ዛሬ የለም።

«በግ ጨራሽ ነው» የሚሉትም አሉ። አንዳንዴ ግልገል ሊነጥቅ ይችላል፤ ይህንን አንክድም። ነገር ግን ባሌ ላይ ከሚበላው ከአስር ዘጠኝ እጁ የሚበልጠው አይጥና ፍልፈል ነው። ዋናው ቀለቡ ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ትልቅ ፍልፈል ነው፤ ይህም ፍልፈል ከባሌ ተራሮች በስተቀር የትም አይገኝም። የአካባቢው ሰው በኦሮምኛ ቀይ ቀበሮን «ጄዳላ ፈርዳ» ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። የምትወልድ ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣው እንስሳውን ከከብቱ መሀል ሲመላለስ አይቶ ያልገደለው ሕዝብ ነው። ባሌ ለረጅም ዘመን ከቀበሮው ጋር ኖሯል።

ከእሱ ጋር የደጋ አጋዘንም አለ። ብዙዎቻችን ሳናውቀው በእጃችን ይዘነው አድገናል፤ የአስር ሳንቲም ላይ የተቀረጸው እሱ ነው። እሱም ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። የሳይንስ ዓለም ያወቀው ገና እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ዲንሾ አጠገብ ባለው የገይሳይ ሣር ሜዳ ላይ በመንጋ ይታያል።

የሁለቱም ነገር የተንጠለጠለው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በሣሩ። ሣሩ ሲመነምን ፍልፈሉ መደበቂያና ምግብ ያጣል። ፍልፈሉ ሲያንስ ቀበሮው ይራባል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሣሩን ምን በላው?

በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ገብስ ወደ ላይ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ እርሻ ተለውጧል። ገበሬው ገደል አፋፍ ላይ ገብስ የሚዘራው ቀበሮ ጠልቶ አይደለም። ከታች ያለው መሬት ለአባት፣ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ እየተከፋፈለ ስላለቀበት ነው።

ባሌ ላይ ደግሞ ትልቁ ጫና ከብትና ሰፈራ ነው። ድሮ «ጎደንቱ» የሚባል ሥርዓት ነበር። እረኛው በወቅት ወደ ከፍታው ይወጣል፣ በወቅት ይወርዳል፤ ከብቱን ሆራ አጠጥቶ ይመለሳል። ተራራው ዓመቱን ሙሉ አይረገጥም ነበር፤ ሣሩም ማገገሚያ ጊዜ ያገኝ ነበር። አሁን ግን ብዙው ወቅታዊ ማረፊያ ቋሚ መንደር ሆኗል። ከብቱ ክረምት ከበጋ እዚያው ነው። ሣሩ ከሥሩ ይነጫል፣ አፈሩ በሰኮና ይደመደማል፣ ፍልፈሉ መቆፈር ያቅተዋል፣ ከብት የማይበላው ቁጥቋጦ ቦታውን ይይዛል። አዲስ ሣር እንዲበቅል ተብሎ አስታው ይቃጠላል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ሪያድ ላይ በተደረገው ስብሰባ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያኔ ሁላችንም ፎቶውን ተቀባብለን «አልሐምዱሊላህ» ብለናል። ደስታው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ምዝገባ ሣር አያበቅልም። ወረቀቱ ላይ ያለው ወሰንና መሬቱ ላይ ያለው እውነታ እስካልተገናኙ ድረስ ቀበሮው የሚኖረው ፎቶ ውስጥ ብቻ ይሆናል።

«ሰው ይቅደም» ለሚሉ

እኛም ሰው ይቅደም እንላለን። ስለዚህ ስለ ሰው እንነጋገር።

ከባሌ ተራሮች ዋቢ ሸበሌን፣ ገናሌን፣ ወይብን የሚመግቡ ውኃዎች ይወርዳሉ። ወይብ ሁላችሁም በምታውቁት በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ አልፎ የሚሄደው ወንዝ ነው። ገናሌ ወርዶ ጁባን ይሠራል። ዋቢ ሸበሌ ኦጋዴንን አቋርጦ ሶማሊያ ይገባል። ከእነዚህ ተራሮች በሚወርደው ውኃ ላይ ኑሮው የተመሠረተ ሕዝብ ከ12 ሚሊዮን እንደማያንስ ይገመታል። ከዚህ ውስጥ ቆላ ላይ ያለ አርብቶ አደር አለበት፤ ሙስሊም ወንድማችንና እህታችን ነው።

ተራራው ላይ ያለው ሣር፣ ረግረግና ጥቁር አፈር እንደ ስፖንጅ ነው። ክረምት የዘነበውን ይጠጣል፤ በጋ ላይ ጠብ ጠብ እያደረገ ይለቃል። ሣሩ ተነጭቶ አፈሩ ከተደመደመ ውኃው በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ክረምት ላይ ጎርፍ ይሆናል፤ በጋ ላይ ወንዙ ይቀጥናል።

እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው በሶማሌ ክልልና በቦረና ከብት እንደ ቅጠል ሲረግፍ አይተናል። በየመስጂዱ ሶደቃ ተሰብስቧል፣ የመኪና ውኃ ተልኳል። አላህ ይቀበል! ያ ድርቅ የመጣው በዝናብ እጦት ነው እንጂ በባሌ ግጦሽ አይደለም፤ ያልሆነውን ሆነ አንልም። ነገር ግን ዝናብ ሲጠፋ ለቆላው ሰው የሚቀረው ምንድን ነው? ወንዙ ነው። ወንዙ የሚቆየው በምንድን ነው? ቀበሮው በሚኖርበት ሣር ነው።

ታዲያ «ሰው ወይስ ቀበሮ?» የሚለው ጥያቄ ከሥሩ ስህተት ነው። ቀበሮው የቆመበት ሣር ጎዴ ላይ ያለችው እናት የምትቀዳው ውኃ ነው። ቀበሮው በጠፋበት ተራራ ላይ ሣሩ ደህና ነው ብሎ መተኛት አይቻልም። ለቆላው ድሃ እቆረቆራለሁ የሚል ሰው የተራራውን ሣር ነገር «የፈረንጅ ቅንጦት» ሊለው አይችልም።

«የፈረንጅ ጉዳይ ነው» ለሚሉ

ግጦሽን መከለል ከፈረንጅ የተማርነው ነገር አይደለም። «ሒማ» የሚለውን ቃል ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሊቃውንት እንደዘገቡት ከእስልምና በፊት የዐረብ ኃያላን ለምለም መሬት ሲያገኙ ውሻቸውን ከፍታ ላይ አውጥተው ያስጮኹ ነበር። ጩኸቱ እስከተሰማበት ያለው ግጦሽ በሙሉ የዚያ ሰው ይሆናል፤ ደካማው ድርሽ አይልም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን የግለሰብ ክልል አስቀሩ። ክልል የአላህና የመልእክተኛው ብቻ ነው የሚለውን መርሕ አስቀመጡ፤ ትርጉሙም ለሕዝብ ጥቅም ካልሆነ ማንም ግጦሽ ሊከልል አይችልም ማለት ነው። አን-ነቂዕ የተባለውን ሜዳ ለሕዝብ ፈረሶች ከለሉ። በመዲና ሐረምም አደን እንዳይታደን፣ ዛፍ እንዳይቆረጥ አደረጉ።

ከዚያም ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) መጡ። ሑነይ የተባለውን ሰው በሒማው ላይ ሾሙት። ቡኻሪ በዘገቡት ምክራቸው የተበዳይን ዱዓ እንዲፈራ አስጠነቀቁት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ አዘዙት። የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን መንጋ ግን እንዳያስገባ ነገሩት። ምክንያቱንም ገለጹለት፤ እነዚህ ባለሀብቶች ከብታቸው ቢያልቅ የሚመለሱበት ተምርና እርሻ አላቸው፤ ድሃው ግን ከብቱ ካለቀ ልጆቹን ይዞ ደጃቸው ይቆማል። ያኔ ከግምጃ ቤት ወርቅና ብር ከመስጠት ዛሬ ሣርና ውኃ መስጠት ይቀላል።

ሱብሓነላህ! አስተውሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ጀነት የተበሰሩ ታላላቅ ሶሓቦች ናቸው። ጥፋት ስለነበረባቸው አልነበረም የታገዱት። ሣሩ ለሁሉም ስለማይበቃ ነው።

ሐቁን ለመናገር ሒማ የተከለለው ለሕዝብ ከብት እንጂ ለዱር አራዊት አልነበረም። እኛ ከዚያ የምንወስደው መርሑን ነው። ግጦሽ ገደብ አለው፤ ገደቡን የሚያስከብር ኃላፊ ያስፈልጋል፤ ገደቡ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚወጣው ባለ ብዙ መንጋው ነው፣ መጨረሻ የሚነካው ድሃው ነው።

ጎረቤቶቻችንም ይህንን ያውቁታል። መንዝ ጓሳ ላይ ሕዝበ ክርስቲያኑ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሣሩን ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቆ ኖሯል። ሲዘጋ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በጋራ ይከፈታል፤ አሳልፎ የገባ ይቀጣል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1975 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ተደራጅቶ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መለሰው። ዛሬ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አለ። ይህንን ያደረገው በመጀመሪያ ፈረንጅ አይደለም፤ የሚጠቀምበት ገበሬ ነው።

«ጥፋቱ የአርቢው ነው» ለሚሉ

ወደ ሁለተኞቹ እንመለስ። እናንተ ለቀበሮው የቆማችሁ ይመስላችኋል። ግን የዑመርን (ረ.ዐ) ፍርድ ገልብጣችሁታል። «ድሃው ይውጣ» ብላችሁ ስትጽፉ ባለ ብዙ መንጋውን ማን ጠየቀው?

ተራራ ላይ ያለው ከብት ሁሉ የእረኛው ነውን? ከተማ ውስጥ ሱቅ ወይም ደሞዝ ኖሮት «ተራራ ላይ ዘመድ ጋር ያስቀመጥኳቸው ጥቂት ከብቶች አሉኝ» የሚል ሰው የማያውቅ አለ? በዝናብና በውርጭ የሚጠብቀው ልጅ ከከብቱ የሚያገኘው ወተቱን ነው። ሲሸጥ ገንዘቡ የሚገባው ከተማ ነው። ስድቡ ግን ለልጁ ነው። ይህ ፍትሕ አይደለም።

በጉልበት ማስወጣትም መፍትሔ አይሆንም። ነገ ምን እንደሚበላ ያልተነገረው ሰው ዛሬ ቢወጣ ነገ ሌሊት ይመለሳል፤ ያኔ ቀበሮውን እንደ ጠላት እያየ ነው የሚመለሰው። አርቢው ሲመካከርበት፣ የመኖ ምንጭ ሲመቻችለት፣ ሣር አጭዶ መውሰድ ሲፈቀድለት፣ ከፓርኩ ገቢ ድርሻ ሲያገኝ ግን እሱ ራሱ ጠባቂ ይሆናል። መንግሥትን መጠየቅ ያለብን ይህንን ነው።

ሌላም እንጨምር። «ቱሪስት ያመጣል» የሚለውን ክርክር አንጠላም፤ ግን አንደገፍበትም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ ቱሪስት ሲጠፋ ቀበሮው ዋጋ አጥቶ ነበር? ቁርኣን በሱረቱል አንዓም በምድር ላይ የሚንቀሳቀስ እንስሳም በክንፉ የሚበር በራሪም እንደኛው ማኅበረሰብ መሆናቸውን ይነግረናል። ማኅበረሰብ የሆነ ፍጡር መኖር የሚገባው ዶላር ስላስገባ አይደለም።

ዝም የተባለበት ጉዳይ፦ ውሻ

ቀይ ቀበሮን ከረሃብ ይልቅ በፍጥነት የሚገድለው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 ባሌ ላይ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ፈጀ። በ2003 ተመልሶ መጥቶ በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ገደማ የሚሆኑትን ጨረሰ። በ2008 እና በ2014ም ተነስቷል። በመሀል ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ ይገባል። 500 የማይሞላ ፍጡር እንዲህ ያለ በሽታ ስንት ጊዜ ይችላል?

በሽታውን የሚያመጣው ከመንደርና ከከተማ የሚወጣ ያልተከተበ ውሻ ነው። ሰፈራው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ውሻውም አብሮ ይወጣል። የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የሚባለው ድርጅት ከተቋቋመበት ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ ከመንግሥት ጋር ሆኖ የመንደር ውሾችን ይከትባል። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለራሱ ለቀበሮው በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። ሥራው ግን ያለ ሕዝቡ ትብብር አይሞላም።

እዚህ ላይ «ውሻ ነጃሳ ነው፤ እኛን አይመለከተንም» የሚል ወጣት አለ። ወንድሜ፣ የምራቁ ሑክም ሌላ ነው፤ ኃላፊነትህ ሌላ ነው። ለእረኝነት፣ ለእርሻ ጥበቃና ለአደን ውሻ መያዝ በሐዲሥ የተፈቀደ ነው። የፈቀድከውን እንስሳ መከተብ ደግሞ ግዴታህ ነው። ለተጠማ ውሻ ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ወንጀሉ እንደተማረለት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። በዚያ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ከቀበሮው በፊት የሚገድለው ልጅህን ነው፣ ላምህን ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም። አንድ መርፌ ልጁንም፣ ላሟንም፣ ቀበሮውንም ያድናል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. በጎባ፣ በሮቤ፣ በዲንሾ፣ በአዳባ፣ በዶዶላና በወሎ ደጋማ ከተሞች ያላችሁ ወጣቶች የውሻ ክትባት ዘመቻ ሲመጣ ሕዝቡን ቀስቅሱ። በቤታችሁ ያለውን ውሻ አስከትቡ፤ ሌሊት ተለቆ እንዳያድር እሰሩት።

2ኛ. በዒደል አድሓ የዑድሒያ ቅሪት ሜዳ ላይ አይጣል፤ ይቀበር። ባለቤት የሌለው ውሻ የሚበዛው በሜዳ ላይ ቅሪት ነው። የመስጂድ ጀማዓዎች ጉድጓድ ማስቆፈር አይከብዳቸውም።

3ኛ. ቤተሰባችሁ ተራራ ላይ ከብት ካለው በአክብሮት ጠይቁ። «አባባ፣ ስንት ናቸው? ሁሉስ ያስፈልጉናል?» በሉ። ከሃያ የከሳ ከብት አምስት የሚታለብ እንደሚሻል ለአባቶቻችን ሒሳቡን በትህትና ማሳየት ይቻላል።

4ኛ. ኢማሞችና ኡስታዞች ስለ ሒማ ኹጥባ እንዲያደርጉ ጠይቁ። በባሌ፣ በአርሲና በወሎ አርቢው ከማንም ባለሥልጣን በላይ የሚሰማው ሚንበሩን ነው።

5ኛ. የጎባን ደሎ መና መንገድ የምትነዱ ሾፌሮች ሳነቴ ላይ ፍጥነት ቀንሱ። መንገዱ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ በቀበሮው ቤት መሀል ያልፋል፤ በመኪና የተገጨ ቀበሮ ከ500 ያነሰውን ቁጥር ነው የሚቀንሰው።

6ኛ. እንስሳት ሕክምና፣ ግብርናና ሕግ የምትማሩ ተማሪዎች ይህ የእናንተ ጉዳይ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋን ከማለት ተራራውን ተመልከቱ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስለ መርከቧ የሰጡትን ምሳሌ ሁላችንም እናውቃለን። ከታች ያሉት ውኃ ለማግኘት የራሳቸውን ወለል ሊበሱ ተነሱ፤ ከላይ ያሉት ዝም ካሏቸው ሁሉም ይሰጥማሉ፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናሉ። የእኛ መርከብ ደግሞ እየተበሳች ያለችው ከላይ፣ ከተራራው በኩል ነው፤ ውኃ የሚያጡት ከታች ያሉት ናቸው። እጅ መያዝ ማለት ግን መስደብ አይደለም፣ መግፋትም አይደለም። እጅ የሚይዝ ሰው ይጠጋል።

ቀይ ቀበሮ ነገ ቢጠፋ የሚተካው የለም፤ አላህ ሌላ ሀገር ላይ አላስቀመጠውም። አማናው የተሰጠው ለዚህች ሀገር ሰው ነው፤ ትልቁ ድርሻ ደግሞ የሚገኘው ሙስሊሙ በሚበዛበት ተራራ ላይ ነው። ስለዚህ «ሰው ወይስ ቀበሮ» የሚለውን ወሬ እናቁምና ኸሊፋው የጠየቁትን እንጠይቅ፤ ሣሩ የማን ነው? መጀመሪያስ መውጣት ያለበት የማን መንጋ ነው?

አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።

ጽሑፉን ተራራ ላይ ከብት ላለው ዘመዳችሁ አንብቡለት።